የመጀመሪያው ጥያቄ የእኔ ነበር

ወንድሜ ዛኪር የማያውቀው ነገር አልነበረም። ይህን የምለው ያለ ምስክር አይደለም፤ የዚያን ጊዜ የሰበታ ልጅ ሁሉ ምስክሬ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቦርሳችንን እንዳንጠለጠልን አባቴ ሱቅ በራፍ ካለው አግዳሚ ላይ እንደረደራለን። ዛኪር በሱቁ አንድ ጥግ፣ ከመስታወት ኋላ ተቀምጦ ለባጃጅ ሹፌሮች ሚሞሪ ላይ ዘፈን ይጭናል። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል ለሁላችንም ይመልሳል። ግመል ውሃ ሳይጠጣ ስንት ቀን ይቆያል? የአውሮፕላን ሽንት ቤት የት ነው የሚፈሰው? ራፐሮች ለምን ይጣላሉ? መጠየቅ በነፃ ነበር፤ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። የመጀመሪያው ጥያቄ የእኔ ነው።

ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ነው፤ እኔ አልለመንኩትም። ሌላው ልጅ እጁን ቢያወጣም ባያወጣም "መጀመሪያ አሪጅ" ብሎ ስሜን ይጠራል፣ አበቃ። አሥር ዓመቴ ነበር። በክፍል ደረጃዬ መሀል ላይ ነው፣ በሩጫ ከኋላ ነኝ፣ በመልክም ቢሆን እናቴ ብቻ ናት ቆንጆ የምትለኝ። በዚህች ዓለም አንደኛ የምሆንበት ቦታ ያ አግዳሚ ብቻ ስለነበር እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው።

የእኔ ሙያ የራፐሮች ጠብ ነበር። ዛኪር ስለ አሜሪካኖቹ ሲያወራ ጓሮ ለጓሮ የሚዋሰናቸው ይመስል ነበር። የምሥራቆቹ የምዕራቦቹን እንዲህ አሏቸው፣ እነዚያ ደግሞ በአዲስ ካሴት እንዲህ ብለው መለሱላቸው፣ በመጨረሻ ነገሩ ከዘፈን አልፎ ሄደ እያለ ይተርክልኛል። አንድ ቀን "ለምን መጀመሪያውኑ በእጅ አልተማቱም?" ብዬ ጠየቅሁት።

"እጅ የሚመታሽ አንድ ቀን ነው" አለኝ። "ዘፈን ግን በተሳፈርሽበት ሚኒባስ ሁሉ ይመታሻል።"

የራሳችንም ጠብ ነበረን። ኡበይድ የሚባል የእኛ ሰፈር ባጃጅ ሹፌርና አጵሎስ የሚባል የቡራዩ ልጅ አማርኛና ኦሮምኛ እየደባለቁ በራፕ ይሰዳደቡ ነበር። የአንዱ ስድብ ከሚሞሪ ሚሞሪ እየተዛመተ አገሩን ያዳርስና በሳምንቱ የሌላው መልስ ይመጣል። ቡራዩ አክስት ያለው ልጅ አክስቱን መጠየቅ እስኪያፍር ድረስ ነበር ነገሩ የጦፈው። "እውነት ይጠላላሉ?" ብዬ ዛኪርን ስጠይቀው፣ "በጣም" አለኝ፣ ፊቱን ሳይለውጥ።

ሁለቱ ስድባቸውን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማይክራፎን፣ ተራ እየተጠባበቁና እየተሳሳቁ ይቀዱ እንደነበር፣ ቀጂውም ዛኪር እንደነበር ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ግን አልተቀየምኩትም። የምፈልገውን መልስ ነበር የሰጠኝ።

ጂሬኛ ወደዚህ ነገር የገባው ወተት ይዞ ነው። አባቱ ኦቦ ባይሳ ከአዲሱ ሐዲድ ዳር የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። እናቱ ገለቴ እሱን ስትወልድ ነው የሞተችው፤ ያሳደገችው አክስቱ ዱርሲቱ ናት። እድሜያችን እኩል ነው። በየማለዳው ነጭ ጀሪካን ይዞ ይመጣል፣ በጓሮ በር ለእናቴ ይሰጣል፣ እናቴ ጀሪካኑን አጥባ ስትመልስለት አንድ ነገር ሳታስጎርሰው አትለቀውም። ኦቦ ባይሳ በገበያ ቀን ሱቃችን ጎራ ሲሉ አባቴ የወተቱን ሊከፍላቸው ይሞክራል። ሁልጊዜ እጁን በእጃቸው ይመልሱታል።

"አብዶ፣ ወተት ለወተት አይሸጥም" ይሉታል።

እኔ ይህን የከብት አርቢዎች ሕግ አድርጌ ነበር የወሰድኩት። በቅቤ ይሸጥ ይሆናል፣ በስንዴ ይሸጥ ይሆናል፣ በወተት ግን አይሸጥም ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩ። ዛኪርንም አልጠየቅኩትም፤ ጥያቄዬን በእንዲህ ያለ ተራ ነገር ላይ ማባከን አልፈለግኩም።

በ2007 ዓ.ም. መኸር ገደማ ጂሬኛ ከሰዓት በኋላም መምጣት ጀመረ። ያኔ የባቡሩ ሥራ እኛ ዘንድ ደርሶ ነበር። በመብራት የሚሄድ ባቡር ይመጣል ይባላል፤ ሽቦው ግን ገና አልተዘረጋም፣ ጠጠርና ብረት የሚያመላልሰው በናፍጣ የሚሠራ ጎታች ነው። ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ጂሬኛ አግዳሚው ጫፍ ላይ በአንድ ጎኑ ተቀመጠ። ሚሞሪ የለው፣ ስልክ የለው፣ ምን ሊያደርግ መጣ ብዬ አየሁት። እኔ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቅሁ። ሌሎቹም ጠየቁ። ከሁሉም ኋላ ጂሬኛ አቀርቅሮ ጠየቀ።

"ናፍጣ ባቡር ፍሬን ሲይዝ ወዲያው ይቆማል?"

ዛኪር እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። ክረምት ክረምት ድሬዳዋ አያታችን ዘንድ በአሮጌው ናፍጣ ባቡር ይሄድ ስለነበር በዚህ ነገር የሚደርስበት የለም። "አይቆምም" አለ። "አንዴ ግመል ሐዲድ ላይ ቆሞ አይተናል። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ብረቱ ጮኸ፤ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተደፋ። ባቡሩ የቆመው ግመሉ የነበረበትን ቦታ ካለፈ በኋላ ነው።"

"ግመሉስ?" አልኩ እኔ፣ ተራዬ እንዳለፈ እያወቅሁ።

ዛኪር ጂሬኛን ነበር የሚያየው።

በማግሥቱ ጂሬኛ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። ሹፌሩ ከመታጠፊያው ሲወጣ ምን ያህል ርቀት ያያል? በሦስተኛው ቀን ደግሞ፣ ጡሩምባውን እየሰማ የማይነሳ ሰው ቢኖር ሹፌሩ ምን ያደርጋል? ዛኪር "አላውቅም" አለ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በሕይወቴ ከዛኪር አፍ ያን ቃል ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። እኔን አንድም ቀን "አላውቅም" ብሎኝ ስለማያውቅ፣ ለዚህ ልጅ መልስ የነፈገው ስለማይወደው ነው አልኩ። ደስታዬ ግን እዚያው ነው የሞተው፤ ዛኪር ተነስቶ ኮምፒውተሩን አጠፋና "ና፣ ሄደን እንየው" አለው።

"እኔስ?" አልኩ።

"አንቺ ሱቁን ጠብቂ።"

ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። አግዳሚው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ወንድሜ የዚያን ልጅ ትከሻ ይዞ ወደ ሐዲዱ ሲወርድ አየሁ። ለእኔ እንዲህ ተነስቶልኝ አያውቅም። ለእኔ ከኮምፒውተሩ ዓይኑን አንስቶልኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ በሁለት ቀን አንዴ ይሄዳሉ። ማታ ሲመለሱ ጫማቸው ቀይ አፈር ለብሷል። ጠጠር ጫኙ ባቡር ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ለሠራተኞቹ ብሎ ፍሬን የያዘበት ቦታ ድንጋይ ያስቀምጣሉ፣ የቆመበት ቦታ ሌላ ድንጋይ፣ ከዚያ መሀሉን ይለካሉ። ምን ሲሠሩ እንደዋሉ ዛኪር ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁት። "ከመስጊዱ እስከ ነዳጅ ማደያው ይሆናል" አላት። እናቴ የያዘችውን ጨርቅ አስቀምጣ "ያ ሁሉ?" አለች፤ ደነገጠች። በርቀት የምትደነግጥ ሴት አይቼ ስለማላውቅ፣ እሷም በጂሬኛ ጨዋታ ውስጥ ገባች ማለት ነው ብዬ ተናደድኩ።

ስለዚህ ራፐሮች የሚያደርጉትን አደረግኩ። ሦስት ቀን ሙሉ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ግጥም ስሠራ ከረምኩ። አንድ ከሰዓት አግዳሚው ሞልቶ ሳለ፣ ጂሬኛም እዚያው ጫፉ ላይ እንዳለ፣ ተነስቼ በማንኪያ ቆርቆሮ እየመታሁ ለቀቅኩበት።

"ጂሬኛ መጣ፣ ጂሬኛ መጣ፤
ወተቱን ሰጠና ወንድሜን ይዞ ወጣ።
የራሱ ሲያልቅበት የሰው እየወሰደ፣
እናት ያጣ ጊዜ ወደ እኛ ወረደ።"

ልጆቹ ጮኹ። አንዱ እንደ ኡበይድ አድናቂዎች ሻርፑን አሽከረከረ። በራፕ ሕግ አሁን ተራው የጂሬኛ ነው፤ ሁሉም ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። ጂሬኛ ግጥም አልነበረውም።

"ወንድምሽን አልፈልገውም" አለኝ ቀስ ብሎ። "አባቴን ነው የምፈልገው።"

ቤት አይመታም፣ ምት የለውም፣ ትርጉምም የለውም። አባቱ ቤቱ ቁጭ ብሏል፤ ምን ሊፈልገው ነው? አሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ፣ ልጆቹም አሸነፍሽ አሉኝ። ዛኪር ከመስታወቱ ኋላ ሁሉን ሰምቶ ነበር። "ግጥሙ ጥሩ ነው" አለኝ ሱቅ ስንዘጋ። ከዚያ መቆለፊያውን እየቆለፈ፣ "እናትን ግን ከእንግዲህ አትንኪ" አለ። በቁጣ አልነበረም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የማውቀውን ያኔ የማውቅበት መንገድ አልነበረም። ኦቦ ባይሳ የመሬታቸውን ካሣ ተቀብለዋል፣ ልባቸው ግን አልተቀበለም። ሐዲዱ ያለፈው አባታቸው ባቀኑት እርሻ መሀል ነው፤ ከዚያው እርሻ ዳር ነው ገለቴን የመጨረሻ ጊዜ በእግሯ ስትሄድ ያዩዋት። አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ለእህታቸው ለዱርሲቱ፣ "የመጀመሪያው ባቡር በሚያልፍበት ቀን በሬዎቼን ጠምጄ መሬቴ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱ ይለፍ፣ እኔ ካለሁበት አልነሳም" አሉ። ጂሬኛ ተኝቷል ብለው ነው። ልጁ አልተኛም ነበር። አባቱን "ተው" የሚልበት አፍ ስላልነበረው፣ ባቡሩን የሚያስቆም ነገር ፍለጋ ሁሉን ያውቃል የሚባል ሰው ዘንድ መጣ። ዛኪር በሦስተኛው ጥያቄ ነገሩን አወቀበት፤ ለእናቴና ለአባቴም ነገራቸው።

እኔ የደረሰኝ ቁርጥራጩ ነው። አባቴና እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሲያወሩ እሰማለሁ።

"ሽማግሌዎቹ ሄደው ነበር" ይላል አባቴ። "በባዶ እጃቸው ነው የመለሷቸው።"

"እኔን አይመልሱኝም።"

"ሴት ብቻሽን ሄደሽ ምን ልትዪ?"

"የምለው አለኝ። እሳቸውም ያውቁታል።" ቀጥላ ደግሞ፣ "እምቢ ቢሉኝ ልጁን ይዤው እመጣለሁ፤ እዚህ ከአሪጅ ጋር ያድጋል" አለች።

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት የመጨረሻዋን ነው። ጂሬኛ ሊመጣ ነው። ያን ማታ ፍራሼን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁና ለሌላ ሰው የሚሆን ቦታ እንዳይኖር እጄንና እግሬን ዘርግቼ ተኛሁ። ጠዋት እናቴ "ምነው እንደ ተሰጣ በርበሬ ተዘረጋሽ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ባቡሩ የሚገባው ቅዳሜ ነው ተባለ። ከጠጠር ጫኙ ሌላ፣ ሙሉ ጭነት የሚጎትት፣ የመጀመሪያው። የሰበታ ሰው ከዓለም ገና ድረስ ሊያይ ይወጣል። እኔ ለዚያ ቀን ቀዩን ሂጃቤን ለብሼ ልወጣ አዘጋጅቼው ነበር፤ ዛኪር በጠዋት መጥቶ "ስጪኝ" አለኝ።

"ለምን?"

"እፈልገዋለሁ።"

"አልሰጥም።"

ከእጄ ወሰደው። በመስኮት ሳይ ጂሬኛ ውጭ ቆሞ እየጠበቀው ነው፤ ዛኪር ቀዩን ጨርቅ ጠቅልሎ ለእሱ አሲዞት ሄዱ። አለቀስኩ። የመጀመሪያ ጥያቄዬን፣ ወንድሜን፣ አሁን ደግሞ ልብሴን።

እናቴ ስትወጣ ተከተልኳት። አላየችኝም፣ ወይም አይታኝ ዝም አለች። መንገዱን ይዛ አልሄደችም፤ በእርሻው መሀል አቋርጣ፣ ጎንበስ ብላ ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጭታ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሐዲዱ ሄደች። የኦሮሞ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ የሚለምነውን ሰው ዝም ብሎ አያሳልፍም፤ ይህን ያኔም አውቅ ነበር፣ ልጆች ሲጣሉ እንኳ በጨዋታ እናደርገው ነበር። እናቴ ግን የማንን ጠብ ልታበርድ ነው?

ኦቦ ባይሳ ሐዲዱ ብረት ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ በሬዎቻቸው ከነቀንበራቸው በጠጠሩ ላይ ቆመው ጭራቸውን ያወናጭፋሉ። ከሩቅ ሰዎች ይጮሃሉ፣ ወደ እሳቸው የሚቀርብ ግን የለም፤ ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። እናቴ ቀጥ ብላ ሄደች። እኔ ከአንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ ኋላ ቆምኩ።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ ባይሳ?" አለች፣ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ብላ።

"ነገያ፣ ደህና ነው፣ መብሩካ። ተመለሺ" አሏት እናቴን በስሟ ጠርተው።

"ሽማግሌዎቹን መለሱ። እኔንም ይመልሱኛል?"

"አንቺን በምን አፌ።"

"እንግዲያው ይነሱ።"

"መሬቴ ላይ ነው የተቀመጥኩት።"

"መሬትዎ ነው፤ ማንም አይክድዎትም" አለች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ በሕይወቷ እንዲህ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። "ሁለቱ ልጆቼ ግን እዚያ መታጠፊያው ላይ፣ ሐዲዱ መሀል ቆመዋል! ባቡሩን በጨርቅ ሊያስቆሙልዎት!"

ቆጠርኩ። ዛኪር አንድ። ጂሬኛ ሁለት። እናቴ ሁለት ልጆች ነበሯት፣ እኔም ከጉቶው ኋላ ቆሜ ሁለቱንም አልነበርኩም።

ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም፤ ድምጿ ወረደ፣ የእኔም ጆሮ ደነቆረ። ያየሁት እናቴ ሣሩን በአንድ እጇ ይዛ ሌላውን እጇን ደረቷ ላይ ስታደርግ ነው። ኦቦ ባይሳ እጇን አዩ። አንገታቸውን ደፉ። ተነስተው በሬዎቹን ከሐዲዱ እየጎተቱ አወረዱ።

የተባለውን ከብዙ ዓመት በኋላ ኦቦ ባይሳ ራሳቸው ነገሩኝ። "ልጅዎን ከዚህ አጥብቻለሁ፤ የራሴን ልጅ አቆይቼ። በዚህ ጡት ይዤዎታለሁ፣ ይነሱልኝ" ነበር ያለችው። "ጡቱን ምን ብዬ ልለፈው?" አሉኝ። "መሬት አይደለም፣ ሰማይም ቢሆን እነሳለሁ።"

በሬዎቹ ገና ከጠጠሩ እንደወረዱ ጡሩምባው ተሰማ። ባቡሩ ከመታጠፊያው ወጣ፤ ብረቱ ጥርስ የሚያስነክስ ጩኸት ይጮሃል፣ ጥቁር የናፍጣ ጭሱ ወደ ኋላ ይተኛል። ዛኪርና ጂሬኛ ከሐዲዱ ዳር አብረውት ይሮጣሉ፣ ቀዩ ሂጃቤ በዛኪር እጅ ይውለበለባል። ባቡሩ እየተንፏቀቀ፣ እየተንፏቀቀ መጣና ቆመ። የቆመው ኦቦ ባይሳ ተቀምጠውበት ከነበረው ቦታ አለፍ ብሎ ነው።

ዛኪር ያን ቦታ አየ። እዚያው ጠጠሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሂጃቤ ሸፈነ። "ባዶውን ነበር የለካነው" ይል ነበር ለእናቴ። "የተጫነው እንደሚከብድ አላሰብኩም፣ ኡሚ። አላሰብኩም።" ፖሊሶች መጥተው ባቡር አስቁመሃል ብለው ሲወስዱትም ይህንኑ ነበር የሚያወራው። በሽማግሌና በዋስ እስኪፈታ አግዳሚው ባዶ ሆኖ ሰነበተ፤ እኔም ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ጂሬኛ ነው ብዬ ሰነበትኩ።

እናቴን ለቀናት አኮረፍኳት። ምን ሆነሽ ስትለኝ "ሁለት ልጆችሽን ጠይቂ" አልኳት። አልገባትም። እኔም ለምን ሁለት እንዳለች የገባኝ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አስቀምጣ፣ "ጂሬኛ የጡት ወንድምሽ ነው፤ አድጋችሁ ለጋብቻ እንዳትተያዩ ብዬ ነው የምነግርሽ፣ ሐራም ነው" ያለችኝ ቀን ነው። "ማን ሊያየው!" አልኳት። ለምን እስከዚያ እንደደበቀችኝ ስጠይቃት፣ የሠሩትን መልካም ነገር ማውራት አጅሩን፣ ምንዳውን፣ ይበላዋል አለች። ወተት ለምን ለወተት እንደማይሸጥ ያን ቀን ገባኝ። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም። መረዳትና አለመቅናት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሌላ ሰው ሌላ ቢል አላምነውም።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ አብረው ገቡ። ጂሬኛ እንደየዓመቱ ለማፍጠሪያ መጣ። አሁን የራሱ የወተት ላሞች አሉት፤ እሱ በጾሙ የማይቀምሰውን ወተት በጀሪካን ሞልቶ ለእኛ ይዞ መጣ። እናቴ ለእሱ የምስር ሳምቡሳ በተለየ ዘይት ጠብሳ፣ በተለየ ሳህን፣ ከሁላችንም በፊት አስቀመጠችለት። አዛን ተብሎ እኔ ገና ቴምሬን ሳልውጥ እሱ ሁለተኛውን ሳምቡሳ ይዟል።

"ኡሚ፣" አልኳት እየሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ሙሉ አልነበረም፣ "እኔ ነኝ የጾምኩት። ምነው ሁልጊዜ እሱን ታስቀድሚያለሽ?"

"አንቺ ከጡት ጀምሮ እንዲሁ ነሽ" አለች። "ሁለታችሁን አንድ ላይ ሳቅፋችሁ ፀጉሩን ይዘሽ ትጎትቺዋለሽ። እሱ ይለቃል፣ አንቺም አትጠቢ፣ ሁለታችሁም ታለቅሱብኛላችሁ። ምን ላድርግ? ዛኪርን ይዘሃት ውጣ እለው ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጓሮውን ይዞሽ ይዞራል። አንቺ 'እእ?' ስትዪ እሱ ይመልስልሻል፤ ያ ዶሮ ነው፣ ያ ቆርቆሮ ነው፣ ያ ጨረቃ ነው ይልሻል። መልስ ካልሰጠሽ ታለቅሻለሽ። ጂሬኛ እስኪጠግብ እንዲህ ሲያወራሽ ይቆያል። ልማዱ የያዘው ከዚያ ነው።"

ጂሬኛ ማኘኩን አቆመ። እሱም አያውቅም ነበር። ተያየን።

አግዳሚው፣ "መጀመሪያ አሪጅ" የሚለው ድምፅ፣ ከማንም ጋር አልካፈለውም ብዬ ያሳደግኩት ነገር ሁሉ የተጀመረው እሱ በሰላም እንዲጠባ ነበር። የእኔ ነው ያልኩት እንኳ የእሱ ትርፍ ሆኖ ተገኘ። ልቆጣ ፈለግኩ።

"እና እኔ መቼ ነበር የምጠባው?" አልኩ።

"እሱ ሲጠግብ።"

"ለምን እሱ ቀድሞ?"

እናቴ ጭልፋውን አስቀምጣ አየችኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ይህን መጠየቄ የገረማት ትመስል ነበር።

"አንቺማ እናት ነበረሽ" አለችኝ።